ከእህት የመጣ ሶፋ

ፀጉር ሠሪዋ የሶፋውን ትራስ ገልብጣ በስልኳ መብራት ስፌቱን ስትመረምር፣ ተልባ የመሰለች ቀይ ቡናማ ተባይ ወደ ውስጥ ልትሸሽ ስትል በጥፍሯ ያዘቻት። ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ለተባይ መድኃኒት ረጪው አሳየችው።

"የበረሮ ልጅ ትሆን?"

"በረሮማ ረዘም ትላለች። ይቺ ጠፍጣፋ ናት፣ ክንፍም የላትም።" ወረቀቱን አጥፎ ጫን አደረገው፤ ደም ወጣ። "ትኋን ናት።"

የፀጉር ሠሪዋ ልጅ አንገትና ክንድ በተርታ እያበጠ ከርሟል። ታላቅ እህቷ ያንን አይታ በዘመድ ፊት "ምናለ ቤትሽን ብታጸጂ?" ብላ አንገቷን አስደፍታታለች። ሶፋውን ከነወንበሩ የሰጠቻትም ይህችው እህቷ ናት።

ረጪው የሶፋውን የታች ጨርቅ ሲቀደው ስንጥቁ ሁሉ ነጭ ዱቄት ተነስንሶበታል።

"መድኃኒት ነው፤ ቆይቷል። አንቺ ነሽ?"

"እኔ አይደለሁም" አለችና እዚያው ቆማ ደወለች።

"እትዬ፣ ሶፋው ትኋን እንዳለበት ታውቂ ነበር?"

"መድኃኒት አድርጌበት ነበርኮ። የጠፋ መስሎኝ ነው።"

"ልጄን እንደዚያ በልቶት ስታዪስ? እኔን ቆሻሻ ከምታደርጊኝ ምናለ ብትነግሪኝ?"

"በቃ አፍሬ ነው! ደግሞ እኔን ብቻ አትያዢኝ፤ እማዬም ታውቃለች።"

ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን ዘጋችው። አብራት የምትኖረው እናቷ ከሶፋው ጋር በመጣው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ታፍተለትላለች።

"እውነት ነው እማዬ?"

"እንዳትጣሉብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"ማታ ማታ ልጄን እያከክሽ የምታስተኚው አንቺ አይደለሽ?"

ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን ኪሷ ከተተች። እህቷስ እህቷ ናት፣ ምላሷን ታውቀዋለች። እናቷ ግን እዚሁ ቤት፣ እዚሁ አጠገቧ ነበረች።

"ልርጨው ወይስ ይውጣ?" አለ ረጪው ቀስ ብሎ።

"ይውጣ።"

ሌላ ሰው አንስቶ ቤቱ እንዳያስገባው፣ የሥራ መቀሷን አምጥታ የሶፋውን ልብስ ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረች።

"እማዬ፣ ተነሺልኝ።"

"ይሄኛውንም?" አለች እናቷ፣ የወንበሩን ክንድ እንደያዘች።

"ይሄኛውንም።"