በስሜ የተጻፉት ካርዶች

ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቲኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ባገኘው ፊቱን አውቀዋለሁ። በመላው ማህዲያ ከተማ "ሼድሊ ረሳ" ብሎ የሚመሰክርብኝ አንድ ሰው አይገኝም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የገዛ ጭንቅላቱን መጠራጠር ሲጀምር ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት።

ነገሩ የመጣው ባለቤቴ ናዚሃ ጉልበቷ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት በኋላ ነው። የፖስታ ሳጥናችን የተመዘገበው በእኔ ስም ይሁን እንጂ ቁልፉ የሚኖረው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። እኔ ከካፌው የሽኮባ ካርታ ጨዋታዬን ጥዬ ፖስታ ቤት ድረስ ምን ያስኬደኛል? በዚያ ሰሞን ግን የጡረታ ወረቀት እጠብቅ ነበር።

"ተወው፣ ሲሻለኝ እሄዳለሁ" አለች ናዚሃ።

"በክራንች ልትሄጂ ነው?"

"ተወው አልኩህ እኮ!"

ተው ሲሉኝ አልወድም። ቁልፉን ይዤ ሄድኩ።

ሳጥኑን ስከፍተው የጡረታ ወረቀት የለም። ሦስት ፖስት ካርዶች ግን እግሬ ሥር ወደቁ። አንዱ ከፊንላንድ፣ አንዱ ከታይዋን፣ አንዱ ከቤልጅየም። ሦስቱም "ለአቶ ሼድሊ" ይላሉ። በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው፣ ደህና አድርጌ አነባለሁ። የፊንላንዷ እንዲህ ትላለች፦ "በየጠዋቱ ሻይ አፍልተው ለባለቤትዎ አልጋ ድረስ እንደሚወስዱላት የጻፉልኝን ለባሌ አነበብኩለት። ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።" የታይዋኗ ደግሞ ከወደብ ስመለስ ለሚስቴ የጃስሚን አበባ ማምጣቴ እንዳስቀናት ጽፋለች።

ወይ ጉድ! የምን ሻይ? የምን ጃስሚን?

ፈውዚ የሚባለው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ሳቀልኝ። "ጋሼ ሼድሊ! ዛሬ ራስዎ መጡ? ካረጁ አይበጁ የሚሉት ውሸታቸውን ነው። እርስዎን ዓለም ሁሉ ያውቅዎታል!"

"እንዴት ማለት?" አልኩ፣ ሳል እያስመሰልኩ።

"ካርዶቹን ነዋ። ለማያውቁት ሰው አንድ ይልካሉ፣ ሌላ የማያውቁት ሰው ደግሞ ለእርስዎ ይልካል። እኔም ልመዘገብ ነው። ማዳም ናዚሃ በየሳምንቱ ስታመጣቸው 'የሼድሊ ጽሑፍ ነው፣ አደራ ማኅተሙን አሳምረህ ምታበት' ትለኛለች።"

"አዎ፣ አዎ፣ የኔ ነው" ብዬ ወጣሁ። ሦስቱን ካርዶች ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

ለምን ሚስትህን አልጠየቅህም ትሉኝ ይሆናል። ወንድሜን ጠይብን ስለማታውቁት ነው። የእሱም በሽታ የጀመረው በመጠየቅ ነው። "ይህን ኮት ማን ሰቀለው? ይቺ ሴት ማናት?" ይል ነበር። መጨረሻ ላይ በሌሊት ልብሱ ወደብ ወርዶ፣ ከሞተች አርባ ዓመት የሆናትን እናታችንን ሲጣራ አገኘነው። የጠየቀ ሰው ያለቀለት ሰው ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ለናዚሃም ሳጥኑ ባዶ ነበር አልኳት። ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች።

ያን ለታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጣቢያዎቹን በቃሌ ወጣኋቸው። ባግዳዲ፣ በቃልታ፣ ተቡልባ፣ ሞክኒን... አንድም አልዘለልኩም። ታዲያ ጣቢያ የሚያስታውስ ጭንቅላት ትናንት ጠዋት ያፈላውን ሻይ እንዴት ይረሳል? ራሴን ልፈትን ብዬ ወሰንኩ። እጄ የለመደው ሥራ ከሆነ እጄ ያውቀዋል አልኩ።

ጠዋት ወጥ ቤት ገባሁ። ስኳሩን ለማግኘት ስድስት መሳቢያ ከፈትኩ። ሻዩን ይዤ ስገባ ናዚሃ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ሻይሽን ጠጪ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?"

ማታ ደግሞ ከወደብ ጃስሚን ገዝቼ መጣሁ። ተቀበለችኝ፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችኝ። ወዲያው ስልክ አንስታ ቱኒስ ላለችው ልጃችን ለኢንሳፍ ደወለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋት።

"ኢንሳፍ፣ አባትሽ ተበላሽቶብኛል። ሻይ አመጣልኝ... አዎ፣ ሻይ! አፍልቶ! አሁን ደግሞ አበባ። የአጎትሽም እንዲህ ነበር እንዴ የጀመረው?"

የባሰ ግራ ገባኝ። በየጠዋቱ የማደርገው ከሆነ ለምን ትደነግጣለች? የማላደርገው ከሆነ ደግሞ ለፊንላንድ ማን ጻፈ? ናዚሃ የእኔ ጽሑፍ እንደሆነ ለፈውዚ ነግራዋለች። ናዚሃ ደግሞ አትዋሽም። እንግዲህ አንዱን ቀን አድርጌ፣ በማግስቱ የምረሳ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው። የፊንላንዱም የታይዋኑም ይሁን፣ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የቤልጅየሙ ካርድ ነበር። "በእናቷ ቀብር ባለመገኘትዎ ባለቤትዎን ይቅርታ መጠየቅዎ ልቤን ነካው" ይላል።

ቀብሩን አልረሳሁትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። አማቴ ከፍ በምትባል ከተማ ነበር የሞተችው። ናዚሃ ወንድም የላትም፤ ሬሳውን ተሸክሞ ከፊት መቅደም የነበረበት ትከሻ የእኔ ነበር፤ የተሸከመው ግን ጎረቤት ነው። "ተረኛ ነኝ፣ የሚተካኝ ሰው ጠፋ" አልኳት። ተረኛ አልነበርኩም። ሱስ ከተማ፣ ስታዲየም ኳስ እያየሁ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ይቅርታ መጠየቄን ግን ብፈልግ ባስፈልግ ጭንቅላቴ ውስጥ አላገኘሁትም።

ቅዳሜ ኢንሳፍ ከች አለች። ለሰኞ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች።

"ባባ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"አንቺ የመጣሽበት ቀን።"

"ባባ፣ ቀልድ አይደለም።"

እውነትም ቀልድ አልነበረም።  ሦስቱን ካርዶች ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

"በሉ፣ ከመደበቅ ይሻላል" አልኩ። "ለማላውቃቸው ሰዎች እጽፋለሁ፣ ጽፌም እረሳለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ እረሳለሁ። እንደ ጠይብ ሆኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፣ በሌሊት ልብስ ወደብ እንዳልወርድ በሩን ቆልፉብኝ።" እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም።

ኢንሳፍ ካርዶቹን አነሳች። ናዚሃ ግን አላነሳችም። 

"አንተ አይደለህም" አለች። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ማማ!" አለች ኢንሳፍ። "በባባ ስም?"

"ሳጥኑ በሱ ስም ነው፣ በሱ ስም ተመዘገብኩ። መመሪያው ስለ ራስህ ጻፍ ይላል። መጀመሪያ እውነቱን ነበር የጻፍኩት። ሽኮባ ይጫወታል፣ ይቆጣል፣ ይተኛል። በሦስት መስመር አለቀ። ካርዱ ባዶ ሆኖ ሲቀርብኝ የቀረውን ሞላሁት። የማያውቁን ሰዎች ደህና ባል አላት ቢሉ ማን ይጎዳል?"

እኔ የሰማሁት "እኔ ነኝ" ያለችውን ብቻ ነው። ከወንበሬ ዘለልኩ። "ጭንቅላቴ ደህና ነው! አልሃምዱሊላህ! ሰምተሻል ኢንሳፍ? አንድም ነገር አልረሳሁም!" ልጄን ሳምኳት፣ ቀጠሮውን ሰርዢ አልኳት። ኢንሳፍም እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ናዚሃ አልሳቀችም። የቤልጅየሙን ካርድ አንስታ ታነብ ነበር። ቆሜ ሳያት ነገሩ ገባኝ። አንድም ነገር ካልረሳሁ፣ ይቅርታውንም አልጠየቅሁም ማለት ነው። አድርጌው ረስቼው ቢሆን ኖሮ በስንት ጣዕሙ! ቤልጅየም ያለች ሴት የሰማችውን ይቅርታ ናዚሃ አልሰማችም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር አፌ አልለመደም።

"ምን ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ?" አልኳት። "ካርዱ ላይ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"'ናዚሃ፣ ያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም። ዋሽቼሻለሁ' ብለህ ነው።"

 "ማን ነገረሽ?"

"ከከፍ በተመለስኩ በሳምንቱ ጓደኛህ መጂድ ሊያጽናናኝ መጥቶ ነበር። 'አብረን ስታዲየም ነበርን፣ ሐዘኑን ባውቅ ኖሮ ጎትቼ አመጣልሽ ነበር' አለኝ።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ሳህኔን ስታቀርብልኝ፣ ሸሚዜን ስትተኩስልኝ፣ ታውቅ ነበር።

"የምን ተረኛ? የምን ስታዲየም?" አለች ኢንሳፍ። 

"ናዚሃ" አልኩ። "ያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም። ዋሽቼሻለሁ።"

እንደጻፈችው፣ ቃል በቃል ነው ያልኩት። ከራሴ የምጨምረው ፈልጌ አጣሁ።