በቁስቋም ማርያም የታሰረ

ደረቱን ሲከፍቱት ነፍሱ የት ቆማ ትጠብቃለች? ይመኙሽ ይህን ማንን ትጠይቅ? ሐኪሙ ይስቅባታል፤ የልጅ ልጇን ፍቅረ ማርያምን ብትጠይቀው ደግሞ ይብስ ታስፈራዋለች።

ዲያቆን ፍቅረ ማርያም የወደቀው ቁስቋም ማኅሌት ላይ ከበሮ እየመታ ነው። ሰው ሁሉ ጾሙ ነው አለ። ሐኪሙ ግን ሌላ አለ፦ ለልቡ ደም የሚያደርሰው ሥር ከውልደቱ ያለቦታው በቅሎ፣ በሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች መሐል ገብቷል፤ ሰውነቱ ሲደክም ይጨፈለቃል። አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ጥገና ካልተስተካከለ፣ አንድ ቀን እንደወደቀ ይቀራል።

ይመኙሽ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ቀዶ ጥገና» የምትለዋን ብቻ ነው። የልጁ እናት፣ ልጇ ምንዳዬ፣ እሱን ልትወልድ ሆስፒታል በእግሯ ገብታ፣ በቀዶ ጥገናው ሞታ በቃሬዛ ነው የወጣችው። ይመኙሽ እዚያው ሐኪሙ ፊት ልጁን፣ «በቁስቋም ማርያም ገዝቼሃለሁ፣ ስለት እንዳይነካህ» አለችው።

ዲያቆን ግዝት ጥሶ መቅደስ አይገባም። ፍቅረ ማርያም ከበሮውን ትቶ ቤት ዋለ። ሰንብቶ ግን ደጅ ለመውጣት እንኳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ።

ዛሬ ጧት የቀዶ ጥገና ተራህ ደርሷል ተብሎ ከአዲስ አበባ ተደወለለት። አውሮፕላኑ ከሰዓት ከአዘዞ ይነሳል። የነፍስ አባታቸው አባ ዕንባቆም ግዝቱን ሊፈቱ መጡ።

«የገዘትሽው አንቺ ነሽ» አሏት። «መጀመሪያ ትቻለሁ በይ፤ ከዚያ እኔ እፈታዋለሁ።»

«ምነው አባ፣ ጸበሉ አነሰው?»

«ጸበሉንም ይጠመቅ። ሉቃስም እኮ ሐኪም ነበር።»

«ሉቃስ ደረት አልሰነጠቀም።»

ፍቅረ ማርያም ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ደረቱን ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ይመኙሽ አየችው።

«እምዬ» አለ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ብሞትም የገደልሽኝ አንቺ አትሆኚም። ግን ቃልሽ እንደታሰረብኝ አልሂድ። ሂድ በይኝ።»

ሂድ። ለምንዳዬም በመጨረሻ ያለቻት «ሂጂ፣ አይዞሽ» ነበር። 

«መንገዱ ሩቅ ነው» አለች ወደ ጓዳ እያየች። «ሽሮ ላሙቅልህ።»

አባ ዕንባቆም መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ።  ልጁ ቦርሳውን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና ከነግዝቱ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ።