ዘመድ ያልሆነ ምስክር

ውሉ አርባ ሁለት ገጽ ነበር። ስድስተኛው ገጽ ላይ «መነጽር በነጻ» ይላል። እዚያ ስደርስ ደስ አለኝና ዘጋሁት። የቀረውን አላነበብኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ቁጭ ብዬ ላሳምረው አልፈልግም።

የምሠራው ሸሚዝ ፋብሪካ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮሌታ ሰፍቻለሁ። አፌ አያርፍም፤ ለዚህም ይመስለኛል ሠራተኛው ወኪሉ አድርጎ የመረጠኝ። በስሜ የሚጠራኝ የለም። «ተወካይ» ነው የሚሉኝ። ሽንት ቤት በር ላይ ቆመው እንኳ «ተወካይ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» ይሉኛል። የሕክምና ኢንሹራንሳችን ውል ሲቀየር ሰነዱ ቀድሞ ለእኔ ይሰጠኛል። አነባለሁ፣ ሁሉም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባል፣ አንዱ ይነሳና «አንብበሽዋል?» ይለኛል፣ «አንብቤዋለሁ» እላለሁ፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ። ሌላ የሚያነብ የለም። ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ የዋለ ሰው ምን ዓይን ተርፎት! በጥቁር ክር ጥቁር ጨርቅ ሰፍቶ የሚያውቅ ይህን አይጠይቀኝም። መነጽር ስጡን እያልን ስንለምን ስንት ዓመታችን።

ታናሽ እህቴ እዚያው ፋብሪካ ካውያ ክፍል ናት። የምንኖረው አብረን ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን። እናታችን ስትሞት እሷ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የሚጥል በሽታ አለባት። ከእኔና ከሐኪሟ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጅ ሆና በሳምንት ሦስቴ አራቴ ትወድቅብኝ ነበር። ስንት መድኃኒት ሞከርን፣ ስንት ደጅ ጠናን! በመጨረሻ ነጩ ክኒን ተገኘ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀችም። ሰው ሆነችልኝ። ሥራ ያዘች፣ ሳቋ ተመለሰ፣ መስታወት ፊት መቆም አበዛች። አንድ የበር ጥበቃ ዓይኑን ጥሎባት ነበርና ቦርሳዋን ሲፈትሽ ጊዜ ይወስዳል። «ምን ይፈልጋል ይሄ ሰውዬ?» ትለኛለች፣ እያወቀች። «ቦምብ ነዋ!» እላታለሁ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «እታለም፣ የእኔ መድኃኒት አለበት አይደል?» አለችኝ።

«አለበት እንጂ፣ የት ይሄዳል?»

«አይተሽዋል?»

«አንቺ ደግሞ! አርባ ገጽ አንብቤ ዓይኔ ጠፋ እያልኩሽ።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝ? ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችው እኔን ነው።

ምግብ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቼ «መነጽር በነጻ!» ስል ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ከአዝራር ክፍል አንዷ «አንብበሽዋል፣ ተወካይ?» አለች። «ከዳር እስከ ዳር!» አልኩ። ምን አፍ ነው የሰጠኝ! ሦስት መቶ ምናምን እጅ ወጣ። የእህቴም እጅ መሃላቸው ነበር፤ ከካውያው እንፋሎት የተነሳ ጣቶቿ ቀይ ስለሆኑ ከሩቅ እለየዋለሁ።

ውሉ በጸደቀ በሁለተኛው ወር መድኃኒት ልታወጣ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ኮምፒውተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ።

«ይሄ ከዝርዝሩ ወጥቷል። አሁን የሚሸፈነው ቢጫው ነው» አላት።

«የምን ዝርዝር? የምን ቢጫ?» ብዬ ዘው አልኩ። «እሷ የምትወስደው ነጩን ነው፤ ስድስት ዓመቷ!»

ሰውዬው አልተቆጣም። ሰነዱን ከመሳቢያ አወጣና ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገልጦ በመስኮቱ አሳለፈልኝ። አንድ መስመር ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኳት እዚያ ቆሜ ነው፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ። እህቴ በትከሻዬ በኩል አብራኝ አነበበች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በራሳችን እንግዛው እንዳልል የአንድ ወሩ ዋጋ የሁለታችንንም ደሞዝ ጠቅልሎ ይወስዳል። እህቴ ቢጫውን ተቀብላ፣ ለፋርማሲስቱ «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ያ ምስጋናዋ አንጀቴን በላው።

በማግሥቱ ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ አነሳችው።

«እናቴ፣ አባሏ መጀመሪያ ቢጫውን መሞከር አለባት። ካልሠራላት ወደ ነጩ እንመልሳታለን።»

«አልሠራላትም የምትሉት ምን ስትሆን ነው?»

«ከወደቀች ነዋ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እንዳትወድቅ የምትወስደውን መድኃኒት ለማግኘት መጀመሪያ ትውደቅ ነው የምትይኝ?»

«መመሪያው ነው፣ እናቴ። እዚህ የሚታየኝ ደግሞ አባሏ ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና እንደሆነች ነው።»

«ደህና የሆነችው እኮ በነጩ ነው!»

«ይገባኛል፣ እናቴ። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?»

ሐኪሟም ደብዳቤ ጻፈላት፤ እግዜር ይስጠው፣ ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። ሁለቱም ጊዜ «የመውደቅ ማስረጃ አልቀረበም» የሚል መልስ መጣ።

በቢጫው በአምስተኛው ሳምንት ወደቀች። ጠዋት ነው፣ ሹራቧን ልታጠልቅ እጇን እንዳነሳች በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ዘፍ አለች። ስድስት ዓመት አልፎም እጄ አልረሳም፤ ትራሱን ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ በጎኗ አዞርኳት። አሁን የምናገረውን ብናገረው ያሳፍረኛል፣ ባልናገረው ደግሞ ያንቀኛል። እሷ እየተንቀጠቀጠች እኔ ሰዓት አየሁ። «እሰይ፣ ማስረጃው ተገኘ!» አልኩ በልቤ። እህቴ መሬት ላይ ሆና እሰይ አልኩ።

ኢንሹራንሱ የላከልኝን የመውደቅ ማስረጃ ቅጽ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየች ሳይቀር፣ በጥንቃቄ ሞላሁት። የዚህን ቅጽ እያንዳንዷን መስመር አነበብኩ፤ አሁን ነበር ዓይኔ የተገለጠው። ስለ ምስክር ዘመድነት ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ምስክሯ የአባሏ ዘመድ በመሆኗ ተቀባይነት የለውም። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ።»

ደሜ ፈላ። ስልኩ ላይ ጮህኩ። «የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን! ማን ይይልኝ? ግድግዳው?»

«የሥራ ባልደረባም ይሆናል፣ እናቴ» አለችኝ ለስላሳዋ።

የሥራ ባልደረባ! እህቴ ከመውደቅ ይልቅ የምትፈራው በሰው ፊት መውደቅን ነው። ካውያ ክፍል በገባችበት ዓመት ከአዝራር ክፍል አንዲት ሴት ወድቃ ነበር። ሰዉ እንደ እሳት ሸሻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጠጣችበት ኩባያ የሚጠጣ ጠፋ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ወር ሳይሞላት ጥላ ሄደች። ያኔ እህቴ ቤት ገብታ፣ «እኔን እንዲህ ከሚያዩኝ ብሞት ይሻለኛል» ብላኝ ነበር።

ስለዚህ መላ ያልኩትን አመጣሁላት። «ስሚ፣ ሁለት ሰው አስፈርማለሁ። አይተናል ብለው ይፈርሙልኛል። ምን እንደሆነ እንኳ አልነግራቸውም፤ እኔ ካመጣሁት ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«በእኔ ጉዳይ ማንም ሳያነብ አይፈርምም» አለችኝ። «አንዴ ሆኗል፤ ይበቃል።»

ይዤው የመጣሁትን ባዶ ቅጽ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንሶላ ልቀይር ፍራሿን ሳነሳ አንድ ካልሲ ተቋጥሮ አገኘሁ። ስፈታው ቢጫ ክኒን ነው። ብዙ ነው። ቤት ስትገባ እጄ ላይ ይዤ ጠበቅኳት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አቁሜዋለሁ።»

«አብደሻል? ትወድቂያለሽ እኮ!»

«ልወድቅ ነዋ» አለች ቦርሳዋን እየሰቀለች። «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰው እያየኝ። ከዚያ ነጩን ይሰጡኛል፣ ያልቃል። ይሄ ቢጫው እንደሆነ መውደቄን አይከለክለውም፤ የምወድቅበትን ቀን ብቻ ነው የሚያዘገየው።»

«ካውያ ይዘሽ ብትወድቂስ? ፊትሽ ላይ ቢሆንስ?»

«ምሳ ሰዓት ላይ እንዲሆን እየለመንኩ ነው።»

አቤት አምላኬ! ተንበረከኩላት። እግሯን ይዤ ለመንኳት። እኔ ወላጅሽ አይደለሁም ወይ አልኳት፣ ያልኩት ጠፍቶኛል። «ለሱፐርቫይዘሩ ልንገረውና ማጠፊያ ክፍል ያዛውርሽ፤ ቢያንስ ከካውያው ራቂ» አልኳት። እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ከተናገርሽ እህት የለሽም» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። ለዚያ ነው ያመንኳት።

አራት ቀን አፌን ዘጋሁ። ትክክል እንደነበር አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። በየግማሽ ሰዓቱ ክር ጎደለኝ እያልኩ ተነስቼ በካውያ ክፍል በር አልፋለሁ። ቆማ ትተኩሳለች፤ እንፋሎቱ ቡፍ ይላል፣ ሸሚዙን ትገለብጣለች፣ ደግሞ ቡፍ ይላል። ካውያው ወደ እሷ ባዘነበለ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እገባለሁ። የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ ተጣመመ። ሱፐርቫይዘሩ አንዱን አንስቶ አየና፣ «ተወካይ፣ አዲሱ መነጽር አልተስማማሽም እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

በአምስተኛው ቀን ልመናዋ ተሰማላት፤ ምሳ ሰዓት ሆነ።

ሳህኗን ይዛ ከወረፋው ስትወጣ አየኋት። ከእኔ ሦስት ጠረጴዛ ትርቃለች። ቆም አለች፤ የሆነ ሰው የጠራት ይመስል አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳህኑ ወደቀ፣ እሷም ተከተለችው። ጭንቅላቷ ሲሚንቶውን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጩኸት ሆነ። ወንበር ተገለበጠ። ሰዉ ወደ ግድግዳ ሸሸ፣ መሃሉ ባዶ ሆነ። አንዷ «አትንኳት!» ትላለች፣ ሌላዋ አፏን በሻርፕ ትይዛለች። ያ የበር ጥበቃ ደንግጦ ሮጦ ገብቶ ነበር፤ አያትና ፊቱን አዞረ። እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ይሁን በሥሩ ሾልኬ እንጃ። ሽርጤን አውልቄ ከራሷ ሥር ከተትኩ። ቀሚሷ ርሶ ነበር፣ በሹራቤ ሸፈንኩላት። እንዲህ እያደረግኩ ከአፌ የወጣውን ቃል ስሙልኝ።

«ሰዓት ያዙልኝ! ማነው ሰዓት የያዘ? እዩአት፣ አትሽሹ፣ እዩአት!»

ሦስት መቶ ሰው ጠርቼ ያቺን ልጅ እዩልኝ አልኩ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ዓይን የደበቅኳትን።

ሱፐርቫይዘሩ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ አለ። ጥራት ተቆጣጣሪዋ ከአጠገቡ ነበረች። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይዤው ስዞር ነው የሰነበትኩት። አንዲት ልጅ አመጣችልኝ። ሁለቱ ቆመው ሞሉት። ሱፐርቫይዘሩ ዝም ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶውን ሲያነሳ፣ «ያንብቡት! መጀመሪያ ያንብቡት!» ብዬ ጮህኩበት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ጣራውን አየች፣ ከዚያ ዙሪያውን የቆመውን ጫማ። የት እንዳለች ሲገባት ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ምላሷን ነክሳው ስለነበር ቃሉ በደም መሃል ነው የወጣው።

«አዩኝ?»

«አዩሽ፣ የእኔ እናት።»

«ዘመድ ያልሆነ?»

«ሁሉም።»

«ተጻፈ?»

«ተጽፏል። ፈርመዋል። አለቀ፤ ነጩ ይመጣልሻል።»

ፀጉሯ ላይ የተጣበቀውን ምግብ ልጠርግላት እጄን ሰደድኩ። በዚያ አቅም ባጣ ክንዷ ገፋችኝ። ሰዉ እንዳይሰማ ነው መሰለኝ በሹክሹክታ ነበር።

«ሂጂ ከአጠገቤ» አለችኝ። «ዘመድ ነበረች ብለው እንዳይሰርዙት።»