ፌንጣ ያልሮጠችበት ሦስት ወር

ወንድሜ የሞተው በራችን ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲፈታ ነው። ከልምምድ ተመልሶ ነበር። አንዱን ፈትቶ ሌላውን ሳይነካ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ፣ ድካም መስሎኝ፣ "ላብህ ሳይደርቅ ግባ እንጂ፣ ብርድ ይመታሃል" አልኩት።

ልቡ ከልክ በላይ ትልቅ እንደነበረ በኋላ ነገሩን። ያን ቀን የመጠየቅ አቅም አልነበረንም፤ ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። የሰው ልብ በምን ያድጋል? ካደገስ መቼ ነው በቃ የሚባለው?

ቤታችን የሯጮች ቤት ነው። አባቴ ሮጦ ሮጦ አሰልጣኝ ሆነ፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ፊሽካው ከአንገቱ አልወረደም። እግሬን ለስፌት መኪና ፔዳል የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳንወርድ አባቴ እየዞረ የእያንዳንዳችንን የእጅ አንጓ ይዞ የልብ ምት ይቆጥራል። ልቡ የቸኮለበት የቁርስ ዕቃ ያጥባል። ሁልጊዜ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ እጁን ውሃ አላስነካም። አባቴም በኩራት "የዚህ ልጅ ልብ ደግሞ እስኪመታ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል" ይል ነበር።

ወንድሜ የተወልን አንዲት ሴት ልጅ ናት። ስትራመድ ስለምትዘል ፌንጣ እንላታለን። እሷም ሯጭ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ ክለቧ ልቧን ሳትመረመር አላሰልፍም ስላላት፣ ከአባቴ ጋር ሆነን ወደ ልብ ሐኪም ወሰድናት።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ሐኪሟ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታንሸራትት የፌንጣ ልብ ስክሪኑ ላይ ታየ። ይከፈታል፣ ይጨበጣል። ሳላስበው ወንበሬን አስጠጋሁ።

"ትልቅ ነው" አለች ሐኪሟ። "ግድግዳውም ወፍሯል።"

"እንደ አባዬ?" አለች ፌንጣ ጣሪያውን እያየች።

ዝም ብል ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ግን አልቻልኩም። "ዶክተር፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በማውቀው ልጠይቅሽ። ኮት ትልቅ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ ስፌቱ ይለቀቅና ውስጡ ሰፊ ይሆናል። ሌላው፣ ገበሩ ውስጥ ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ ከውጪ ሲያዩት ወፍራም ነው፣ ውስጡ ግን ይጠብባል። የእሷ የትኛው ነው?"

ሐኪሟ እጇን አቁማ አየችኝ። "ብዙ ልምምድ የሠራ ልብ እንደ መጀመሪያው ነው። በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ስላለበት ውስጡ ይሰፋል፣ ግድግዳው በመጠኑ ይጠነክራል፣ ምቱም ይረጋል። እሱ ጤና ነው። እንደ ሁለተኛው ያለው ግን በዘር የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሩጫ ላይ ምቱን ሊያዛባው ይችላል።"

"የእሷስ?"

"መሀል ላይ ነው፤ ከሁለቱም አላት። ሌሎች ምርመራዎችንም አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሦስት ወር ትረፍ። ልምምድ ያሳደገው ልብ ልምምዱ ሲቀር ወደ ልኩ ይመለሳል። በሽታ ያሳደገው አይመለስም። ካልተመለሰ ሩጫ የለም።"

ፌንጣ ብድግ ብላ ተቀመጠች። "ሦስት ወር ሙሉ? እኔ ታዲያ ምን ልሁን?"

"ሰው ሁኚ" አላት አባቴ። እሱ ራሱ ግን አልሳቀም።

ከሦስት ወር በኋላ ያው ክፍል ገባን። ሐኪሟ ደጋግማ ለካች። "ምንም አልቀነሰም" አለች። ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የአባቴ እጅ ፊሽካውን ጨብጦ ቀረ።

"እንዴት ምንም?" አልኩ። "ክር እንኳ በሦስት ወር ይላላል።"

ሐኪሟም ግር ብሏት ፌንጣን "በደንብ አርፈሻል?" አለቻት።

"የሩጫ ጫማ እግሬን አልነካም! ከብስክሌቱ በቀር ምንም አልሠራሁም።"

"የምን ብስክሌት?"

ፌንጣ አያቷን አየች። "አባባ የሰጠኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እወጣበታለሁ።"

"እሱማ እረፍት ነው!" አለ አባቴ። "ሯጮቼን ሳሳርፍ ሁሌም ብስክሌት ነው የምሰጣቸው። እግር ያርፍበታል።"

"አባት፣ እግሯን ማን ጠየቀዎት?" አለች ሐኪሟ። "እኔ የፈለግሁት ልቧ እንዲያርፍ ነው።"

"ዳቦ ልትገዛ የምትሄድ መስሎኝ!" አልኩ። "ለካ ለዚህ ነው ዳቦው ሁልጊዜ ቀዝቅዞ የሚመጣው።" ፌንጣ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

እንደገና ጀመርን፤ አሁን የእውነት። ብስክሌቱን አባቴ ራሱ ጎረቤት ወስዶ አስቀመጠው። ፌንጣን አጠገቤ አስቀምጬ ቁልፍ አስተከልኳት፤ ሁለት ሸሚዝ አበላሸችብኝ። አባቴ ጠዋት የእጇን አንጓ ሲይዝ መጀመሪያ ምቱ ያው እርግት ያለው ነበር። እየቆየ ግን መፍጠን ጀመረ። አንድ ጠዋት ፌንጣ ከእኔ በለጠች።

"ዕቃ!" ብሎ ጮኸ አባቴ። በሕይወቱ በፈጠነ ልብ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ነው። "ነገም አንቺ ነሽ! ከነገ ወዲያም!"

"አባባ፣ ደስታህን ቀንስ፤ እጄ ይላጣል" አለችው።

ሌላ ሦስት ወር ሞልቶ ሐኪሟ እንደገና ስትለካ ትንፋሼን ይዤ ስክሪኑን አየሁ። "የግድግዳው ውፍረት ቀንሷል፤ ውስጡም ወደ ልኩ ተመልሷል" አለች። "ልምምድ ያሳደገው ነው። ቀስ ብላ ትጀምር፤ በየዓመቱ ግን እናያታለን።"

ልንወጣ ስንል ያ ጥያቄዬ ተነሣብኝ። "የወንድሜስ የትኛው ነበር?"

"ልምምድ አቁሞ ያውቃል?"

አባቴን አየሁት። "አንድ ሳምንት እንኳ አላቆመም" አለ፤ እንደ ድሮው በኩራት አልነበረም።

"እንግዲህ አሁን በዚህ መንገድ ማወቅ አይቻልም" አለች ሐኪሟ።

ፌንጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጣ የተመለሰች ዕለት፣ አባቷ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። አንዱን ፈታች።

"አክስቴ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ?"

"ሌላውን ፍቺ" አልኳት።

ፈታችው። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።