ከእንግዲህ እዚህ ቤት የማይበላ ሰው

መሥሪያ ቤት «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጥዶ ሰረዝ ሲነቅልና ሲተክል ስለሚውል ያወጡለት ስም ነው። አርባን አልፎም ሚስት ስላላገባ፣ ቀልደኞቹ ስሙ በሁለት በኩል ልኩ ነው ይሉታል። ታላቅ እህቱ አብራው ስትኖር እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ጸጉሯ ገብስማ ከሆነ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር አገባችና ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደች። በሠርጓ ቀን ከልቡ ጨፈረ። በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቶ ምድጃው ፊት ቆመና፣ ምን ሊያደርግ እንደገባ ጠፋበት።

ሥራው ለሰዎች የሳምንት ምግብ የሚያቅድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ላይ ነው። ረዳቱ ብዙ መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ ጓዳ ውስጥ ያለውን ያያል፣ አንዱ የሚገዛውን ይዘረዝራል፣ አንዱ የማይስማማ ምግብ ይመዘግባል። የትኛውን መቼ ማንሳት እንዳለበት የሚያውቀው ከየመሣሪያው ሥር ከተጻፈች አጭር ማብራሪያ ነው። ማብራሪያዎቹን የሚጽፈው ነጠላ ሰረዝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የክፍሉ ኃላፊ መጥታ የአንዲት ደንበኛ ቅሬታ አነበበችለት።

«ባሌ ሞቷል ብዬ ነገርኩት። አዝናለሁ፣ መዝግቤያለሁ አለኝ። ሲነጋ ለሁለት ሰው ቁርስ ያቅዳል። በየቀኑ መርዶ ነጋሪ አደረገኝ።»

«ኮዱ ተበላሽቶ ይሆናል» አለ።

«መሐንዲሶቹ አይተውታል፣ ደህና ነው። እስቲ ያንተን ጽሑፍ እየው።»

አየው። «የዛሬ ተመጋቢ» ከሚለው መሣሪያ ሥር «የተመጋቢ ቁጥር ሲቀየር ተጠቀም» ብሎ ጽፏል። «የቤት አባል» ከሚለው ሥር ደግሞ «የቤተሰብ ቁጥር ሲቀየር ተጠቀም» ይላል። ሲጽፋቸው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታይቶት ነበር። አሁን እንደ ባዕድ ሲያነባቸው መንታ ሆኑበት። ረዳቱም ሞትን እንደ አንድ ቀን መቅረት ይቆጥረው ነበር።

ለማረጋገጥ እሱና እህቱ በተመዘገቡበት በራሱ ቤት ስም ገብቶ «እህቴ አግብታ ሄዳለች» ብሎ ጻፈ።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ለዛሬ አንድ ሰው ቀንሻለሁ። ነገ ስትመለስ ምን ይዘጋጅላት?»

እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንስቶ መልሱን ደግሞ አነበበው።

የመጀመሪያውን ማብራሪያ ማረም አልከበደውም፦ «ሰው ለአንድ ቀን ሲቀር ወይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ተጠቀም።» ሁለተኛው ግን አላስጨርስ አለው። እየጻፈ ሲያጠፋ ቆይቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሰው ከእንግዲህ እዚህ ቤት የማይበላ ሲሆን ተጠቀም፤ ቢሞት፣ ቢፋታ፣ አግብቶ ወይም ለሥራ ቢሄድ። ለምን ብለህ አትጠይቅ። መቼ ይመለሳል አትበል።»

ስለ እህቱ የጻፈውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሞከረው።

«እሺ። ከነገ ጀምሮ ለአንድ ሰው አቅዳለሁ» አለው ረዳቱ።

ሙከራ ስለሆነ መሰረዝ ይችል ነበር። አልሰረዘውም።

ከቀናት በኋላ ኃላፊዋን አስፈቅዶ ለባለቅሬታዋ ሴትዮ ደወለ።

«ተስተካከለልዎ እናቴ?»

«አዎ ልጄ። አንድ ይላል» አሉ። «ደስ ይለኛል ብዬ ነበር እኮ። ሲሳሳት እቆጣው ነበር፤ አሁን የምቆጣውም የለኝ።»

«እንደ ነበረው ልመልስልዎት?»

«ተው፣ እውነቱ ይሻላል። ለአንድ ሰው መጥኖ ማብሰል ግን አላውቅበትም። አንተስ፣ ማን ያበስልልሃል?»

«እኔው ነኝ። እህቴ ነበረች፤ አግብታ ሄደች።» ለሰው አፍ አውጥቶ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ ያጽናህ?»

«ሁለቱንም» አለ። እሳቸው ሳቁ።

ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ዕቅዱ የሚለውን የምስር ሾርባ ሠራ፤ አንድ ሳህን ወጣው። አንድ ማንኪያ ሳይቀምስ ስልኩን አነሳና እህቱ ጋ ደወለ። ያነሳው ባሏ ነበር። ከሠርጉ ወዲህ አውርተው አያውቁም።

«ጎረቤት ታማ ልትጠይቅ ሄዳለች። ምን ልበልልህ?»

«ምንም። እንደምን ዋላችሁ ልል ነው።»

ሊዘጋው ሲል ሰውየው «ቆይ እስቲ» አለ። «ምሳም አልበላሁ፤ አሁን ብቻዬን ገበታ ቀርቤ ነው። የምትቸኩልበት ከሌለህ አትዝጋው።»

ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። አማቹ እያላመጠ፣ አንድ ጊዜ ጭነት መኪናው ዝናብ ላይ ተበላሽቶበት በረሃ ስለማደሩ ያወራ ጀመር። ረጅም ወሬ ነው፤ ብዙም አያስቅም። ነጠላ ሰረዝ ማንኪያውን አነሳና «ከዚያስ?» አለው።