«በአልኮል አፍዪው»

ሁለቱን ያሳደገቻቸው አንዲት ሴት ናት። ትልቋ የሆዷ ፍሬ ናት፤ ትንሿ ደግሞ ወላጆቿ የሞቱባት የእህቷ ልጅ። ሁለቱም «እማ» ይሏታል። ቤተሰቡ ትልቋ፣ ትንሿ እያለ ሲጠራቸው ኖሮ፣ ኮሌጅ ሲገቡም ስሙ ተከትሏቸው ገባ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ኋላም አንድ የትምህርት ክፍል ተጋሩ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ እማ ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። አስታማሚዋ ትንሿ ሆነች። ያኔ ነው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ዋና ክፍል ያመለጣት። ስትመለስ የተግባር ፈተናው ደርሶ ጠበቃት፤ አንደኛ የወጣ ተማሪ የቤተ ሙከራው ረዳት ሆኖ ይቀጠራል ተባለ። ጥያቄውም አስቀድሞ ተነገረ፦ ከካርቦን ሰንሰለት መሃል የተቀመጠውን ብሮሚን አስወጥቶ በቦታው ሃይድሮክሳይድ መተካት።

ትንሿ መጽሐፉን ብታገላብጥ ግራ ገባት። ሁለት ገጾች በአንድ ዓይነት ነገሮች ይጀምሩና በተለያየ ነገር ያልቃሉ።

«እስቲ አስረጂኝ፤ በውሃ ነው በአልኮል የማሟሟው?» አለቻት ትልቋን።

«በአልኮል ነዋ! ብሮሚን ያለበት ነገር ከውሃ ጋር መች ይስማማል? ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱን አብዢበት፣ ከዚያ በደንብ አፍዪው። ሙቀት የማያፋጥነው ምን አለ?»

ትንሿ አመነቻት። የተባለችውን ሳታዛንፍ አደረገች።

መምህሩ ከብልቃጧ የሚወጣውን ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ብሮሚን ውሃ ላኩት። ቢጫው ፈሳሽ ዓይኗ እያየ ቀለሙን ጥሎ ጠራ።

«ልጄ፣ ተኪ ነው ያልኩሽ» አሉ አዝነው። «አንቺ አስወገድሽ። ይሄ አልኪን ነው፤ በድርብ የተሳሰረ ካርቦን።»

ወደቀች። ትልቋ አንደኛ ወጣችና ረዳትነቱን አገኘች። ያን ቀን የትንሿን እንባ የጠረገችው ራሷ ናት። «ይቅር በይኝ፣ እኔም ተምታቶብኝ ነው» አለቻት። ትንሿ ይባስ ብላ አጽናናቻት።

በቀጣዩ መንፈቅ ትምህርቱን ደገመችው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየሣሉ አስረዱ። ሃይድሮክሳይድ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ብሮሚን የያዘውን ካርቦን ያጠቃና ብሮሚኑን አባሮ ቦታውን ይወስዳል፣ ወይ ከጎረቤት ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን ነጥቆ ይሄዳል። ሃይድሮጅኑ ሲነጠቅ ብሮሚኑም ይወጣል፣ ሁለቱ ካርቦኖች በድርብ ይተሳሰራሉ፣ የሚተካ ነገር የለም። ውሃና ለስለስ ያለ ሙቀት ለመተካቱ ያደላሉ፤ አልኮልና ብርቱ ሙቀት ለማስወገዱ።

ለትንሿ ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ደስ ብሏት ሳትጨርስ፣ በፈተናው ሰሞን ታማ የቀረችውና አሁን አጠገቧ የምትቀመጠው ተማሪ ጆሮዋ ሥር ጠጋ አለች።

«ይሄንን እኮ ትልቋ ያኔውኑ አስረድታኛለች። ‹በአልኮል ካፈላሽው አለቀልሽ› ብላኝ ስቀን ነበር።»

«መቼ?»

«አንቺ ሆስፒታል እያለሽ።»

ክው አለች። ደወሉ እስኪደወል ሳትጠብቅ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች።

ትልቋ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ብልቃጥ እያጠበች ነበር። የትንሿን ፊት ስታይ ነገሩ ገባት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ቧንቧውን ሳትዘጋ።

«ምን አድርጌሽ?»

«እማ ታማ ተኝታ ማንን ነበር የምትጠራው? ገና በር ስከፍት ‹ትንሿስ?› ነው የምትለኝ። የራሴ የሆነ አንድ ነገር ፈለግኩ።»

«እኔ እኮ እዚያ ያደርኩት አንቺ ትምህርት እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው!»

ትልቋ ያጠበችውን ብልቃጥ እንደገና ከቧንቧው ሥር ያዘችው። ውሃው ይፈስሳል።

የድጋሚ ፈተናው ዕለት ትልቋ በረዳትነቷ በጠረጴዛዎቹ መሃል ትዘዋወር ነበር። ትንሿ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና «እሳቱ በዝቷል፣ ቀንሺው» አለች በለሆሳስ። እውነቷን ነበር፤ ትንሿም ታውቃለች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ጣቷን አውጥታ መምህሩን ጠራች።

«ዶክተር፣ እሳቱን ቢያዩልኝ?»

«ቀንሺው» አሉ እሳቸውም። ቀነሰችው። ትልቋ አንገቷን ደፍታ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

ትንሿ ፈተናውን አለፈች። በሳምንቱ ልብሷን ጠቅልላ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ገባች። እማ በር ላይ ቆማ «ምን ሆናችኋል? ተጣላችሁ?» ብላ ብትጠይቃት፣ ገና ከሕመሟ በቅጡ ያላገገመችውን ሴት አየቻትና እውነቱን ዋጠችው።

«የለም እማ፣ ለጥናት እንዲመቸኝ ነው።»

እማ ግን አላመነችም። አሁን ጎረቤት ስለ ትንሿ ሲጠይቃት ፊቷን ታዞራለች። «ተዉኝ እስቲ፣ ስትማር ናቀችን» ትላለች። «የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው።»

ትልቋ አጠገቧ ተቀምጣ ይህን ትሰማለች፤ አንድም ቀን «አይደለም» አላለችም።