የበጎቹ ቀለብ

የእንስሳት ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ባልዲው ውስጥ ጣለና፣ «ሙሽራውን አትሽጡት፤ እሱ ጤነኛ ነው» አለ።

ሙሽራው አውራው በግ ነው። ስሙን ያወጣለት የበጎቹ ባለቤት፣ ባልየው ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ ግን ሥራ ፈቶ ተጎልቷል። ሴቶቹ በጎች ሲጠጋቸው ይሸሹታል፤ አንዳንዶቹማ እርስ በርስ አንዷ ሌላዋ ላይ ትወጣለች። እሱ ከመጣ ወዲህ ከመካከላቸው የወለደች የለችም። ሰዉ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ሙሽራው ላይ ነው። ሚስትየዋ ብቻ ታዝንለት ነበር። ልጅ በሚጠበቅበት ቤት ጣት ሲቀሰር ምን እንደሚመስል አሳምራ ታውቀዋለች።

ሐኪሙ ምን እንደሚበሉ ሲጠይቅ ባልየው በኩራት አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ወደተዘራበት ማሳ ወሰደው። የዘሩት እናቱ ናቸው። በጎቹ አልወልድ ሲሉም አቅም አንሷቸው ነው ተብሎ ሌላው መኖ ቀርቶ አልፋልፋ ብቻ ሲጎርሱ ከረሙ። ሐኪሙ አንድ ዘለላ ቀጥፎ ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አየና ፊቱን አኮሳተረ። ይህ ተክል የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር እንዳለው፣ ቅጠሉ ሲታመም ደግሞ እሱኑ እንደሚያበዛ ነገራቸው።

«አንጎላቸውን ያታልለዋል» አለ። «ሆርሞኑ የሞላ ይመስለውና እንቁላል ልቀቂ ማለቱን ይተዋል። አውራውን የመፈለግ ስሜታቸውም አብሮ ይዛባል።»

«ካቆሙ ይድናሉ?» አለች ሚስትየዋ።

«ለአጭር ጊዜ የበሉት ይድናሉ።»

«ሁለት ዓመት የበሉትስ?»

ሐኪሙ ወደ በረቱ ዞሮ፣ «የትኞቹ ናቸው?» አለ።

ሚስትየዋ ዓይኗን ወደ ማሳው መለሰች። ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። የምትጠይቀው በረት ውስጥ ስላሉት አልነበረም። አማቷ ከዚያው ማሳ ቅጠሉን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ማታ ማታ በእጃቸው ሲያጠጧት ሁለት ዓመት ሆናቸው። ማህፀን ያጠነክራል የሚለውን ከማን እንደሰሙ እሳቸውም አያስታውሱም። አማቷ ክፋት የሚባል የለባቸውም፤ እምቢ ለማለት ያስቸገራትም ይኸው ነው።

«ሰው ላይስ?» አለች በመጨረሻ።

«ስለ ሰው እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። የሰው ሐኪም ቢጠየቅ ይሻላል።»

ሐኪሙን ሸኝተው ሲመለሱ ባልየው በግና ሰው አንድ አይደለም እያለ ብዙ አወራ። በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ቅስሟ ይሰበራል» አላት። ስለ ሚስቱ ቅስም ግን ምንም አላለም።

ሲመሽ አማቷ ብርጭቆውን ይዘው መጡ።

«እንቺ ልጄ፤ ዛሬ ወፈር አድርጌዋለሁ።»

እንደ ወትሮው በሁለት እጇ ተቀበለች። የታጨደ ሣር ይሸታል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«ዛሬ አንተ ጠጣልኝ» አለችው።

እናትየው ሳቁ። «ጠጣላት እንጂ፣ ምን ይልሃል?»

ባልየው ብርጭቆውን አየው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ጉልበቱ ላይ አኖረው።